የአባቴ ላንድሮቨርና የዝገቱ ጭቃ

ጎንደር ውስጥ የራዲያተር ውኃ በረዶ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አባቴ ትቶልኝ ያለፈውን ላንድሮቨር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራውን ሲሪስ 3፣ ለሦስት ዓመታት በቧንቧ ውኃ ብቻ ነዳሁት። ፀረ በረዶ ወይም ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ የብርድ አገር ሰዎች ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ደባርቅ ስሄድ የወገራ ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ነካ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁና ቸኩዬ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። እንፋሎቱ ክንዴን ላጠው፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። አንድ ገበሬ ደግነቱ ይክበርለትና በጀሪካን የምንጭ ውኃ አመጣልኝ። እሱን እንኳ ወዲያው አልጨመርኩትም፤ በጋለ የብረት ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው እንደሚችል ከአባቴ ሰምቼ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅኩ።

አዘዞ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ መኪናውን እንዳዩ፣ «ልጄ፣ ራዲያተሩን ተወውና መጀመሪያ የብሎኩን መሰኪያ ክፈት» አሉኝ፤ ብሎክ የሚሉት የሞተሩን ዋና የብረት አካል ነው። ከፈትኩት፤ ጠብታ እንኳ አልወጣም። «ሽቦ አስገባበት» አሉኝ እየሳቁ። ሽቦውን ሳሽከረክር ቡናማ ጭቃ ተንጠባጠበ፤ ቀጥሎ ወፍራም ዝገት ፈሰሰ። ለሦስት ዓመታት የሞላሁት ውኃ ብረቱን ሲበላው ኖሯል። እኔ ሁልጊዜ የማፈስሰው የራዲያተሩን ብቻ ስለነበር ደለሉ ብሎኩ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ኩላንት እኛ ዘንድ ለብርድ ሳይሆን ለዝገትና ለመፍላት እንደሚያስፈልግ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ወገራ ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ከውኃ ጋር ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኤትሊን ግላይኮል (የኩላንቱ ዋና ፈሳሽ) የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ በውስጡ ያለው መከላከያም ዝገትን ያግዳል። የክዳኑም ድርሻ ቀላል አይደለም፤ ግፊቱን ይዞ መፍላቱን የሚያዘገየው እሱ ነው። የእኔ ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ግፊት አይዝም ነበር። ቴርሞስታቱንም፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘውን ቫልቭ፣ አንድ ሰው «አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶት ኖሮ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ቶሎ አይሞቅም ነበር። አዲስ ገዝቼ መለስኩት።

ራዲያተሩን አውርደን ገልብጠን ከታች ወደ ላይ፣ ማለትም ከወትሮው ፍሰት በተቃራኒ፣ በጎማ ቱቦ አጠብነው። ጥርት ያለ ውኃ እስኪወጣ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዚያ ለባትሪ መሙያ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ (አሲዱን አይደለም!) ከኩላንቱ ጋር በባልዲ ቀላቅዬ ሞላሁ። ወደ 10 ሊትር ገባ። አፉ ድረስ አልሞላሁትም፤ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ተውኩለት።

ኩላንቱን ስትገዙ በቀለሙ አትመኑ፤ ቀለም የአምራቹ ምርጫ ነው። ጽሑፉን አንብቡ። እንደኔ ራዲያተራችሁ መዳብና ነሐስ ሆኖ በስታኞ (በቆርቆሮና በእርሳስ ብየዳ) የተበየደ ከሆነ ሲሊኬት ያለበትን የድሮውን ዓይነት ምረጡ፤ ለአዳዲስ መኪናዎች የተሠራው የኦርጋኒክ አሲድ ዓይነት ብየዳውንና የቆዩ ጓርኒሲዮኖችን (በብረቶች መካከል የሚገቡ ማሸጊያዎችን) ሊጎዳ ይችላል። የድሮው ዓይነት መከላከያው ስለሚያልቅ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል። ጎረቤቴ የድሮዋ ቮልስዋገን ስላለችው ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ የእሱ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው።

የምታፈስሱትን አሮጌ ኩላንት ግን፣ እባካችሁ፣ መሬት ላይ አትተዉት። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ውሻም ሕፃንም ይልሰዋል፣ ጥቂቱም ይገድላል። እኔ በሳፋ ተቀብዬ ክዳን ባለው ጀሪካን እቆልፍበታለሁ።

ባለፈው ወር ሁለት ዓመቱ ሞላ። የብሎኩን መሰኪያ ፈታሁ፤ ሽቦ ሳልነካ አረንጓዴው ፈሳሽ ሳፋው ውስጥ ወረደ።