የጮኸው ሞጁል

በምሠራበት የድምፅ ዕቃ ጥገና ቤት፣ ከጥገናው ሌላ ደንበኞች ከውጭ የሚያስመጧቸውን መሣሪያዎች ፈትሾ ለምን ሥራ እንደሚስማሙ በጽሑፍ ማሳወቅ የእኔ ድርሻ ነው። ፋሲካ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በምሽት ቤቶች የሚጫወት አንድ ጊታሪስት ወንድሙ ከአሜሪካ የላከለትን አነስተኛ የቲዩብ አምፕሊፋየር ይዞ መጣ። በጾሙ ቀዝቅዞ የከረመው የሙዚቃ ሥራ በፋሲካ ስለሚነሣ ዕቃው በቶሎ እንዲደርስለት ይፈልግ ነበር።

አምፕሊፋየሩ 20 ዋት ሲሆን ኃይሉን የሚያወጡት ኢኤል84 የተባሉ ሁለት ቲዩቦች፣ ማለትም ሲግሉ ምልክትን የሚያጎሉ አምፖል መሰል የመስታወት ክፍሎች፣ ናቸው። ለየት የሚያደርገው ፕሪአምፑ ነው። የጊታሩን ደካማ ምልክት መጀመሪያ የሚያጎላውና የድምፁን ጠባይ የሚወስነው ይህ ክፍል በአብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች ውስጥ እንደሚደረገው ከዋናው ሰርኪዩት ጋር ተበይዶ የተቀመጠ ሳይሆን፣ እንደ መሳቢያ ከፊት ለፊት የሚገባና የሚወጣ ሞጁል ነው። ሦስት ሞጁሎች አብረውት መጥተዋል፤ አንዱ ንጹሕ ድምፅ፣ ሁለተኛው ሲመቱት ብቻ ትንሽ የሚሻክር ድምፅ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከባድ ዲስቶርሽን፣ ማለትም በጣም የሻከረ ድምፅ፣ የሚሰጥ ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ 12ኤኤክስ7 የተባሉ ሁለት ሁለት አነስተኛ ቲዩቦች አሉ።

«ጋሼ፣ ከሦስቱ የሚሆነኝን ይምረጡልኝ፤ ሁለቱን እሸጣቸዋለሁ» አለኝ።

ዕቃው በ120 ቮልት የሚሠራ ስለነበር የእኛን 220 ቮልት የሚቀንስ ባለ 300 ዋት ትራንስፎርመር አገናኘሁለትና የራሴን ጊታር ሰክቼ በባቲ ቅኝት እየተጫወትኩ ሞከርኩት። የመጀመሪያው ሞጁል ቀጭንና ደረቅ ሆነብኝ። ሁለተኛው ኃይለኛ ኖታ በተመታ ቁጥር ከኋላው እንደ ብረት ሳህን የሚያቃጭል ድምፅ ያስከትላል። ሦስተኛው ግን ክፍሉን ሞላው፤ ኖታው ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ጣትንም ያደፋፍራል። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ «ሦስተኛው ይሻላል፤ ሁለተኛው ጥራት ይጎድለዋል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩና ሰጠሁት።

በፋሲካ ማግስት ተመልሶ መጣ። አልተቆጣም፤ ሆኖም ፊቱ ላይ ድካም ነበረበት። «ብቻዬን ስጫወት ግሩም ነው። ባንዱ ሲገባ ግን የለሁም» አለ። ድምፃዊቷ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ ከፍ እንዲያደርግ ምልክት እንደሰጠችውና ቮልዩሙን በጨመረ ቁጥር የሚሰማው ጭቃ የመሰለ ጉርምርምታ ብቻ እንደነበረ ነገረኝ። ሁለተኛውን ሞጁል ለመሸጥም የእኔን ጽሑፍ አምኖ ቀብድ ተቀብሎበታል። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ፤ የሰው እንጀራ የተመሠረተበትን ነገር በችኮላ ፈርጄበት ነበርና።

ሁለተኛውን ሞጁል ከፍቼ፣ አምፕሊፋየሩ በርቶ ሳለ ቲዩቦቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብዬ መታ መታ አደረግኳቸው። አንደኛው ዝም አለ። ሌላው በተነካ ቁጥር ስፒከሩ ውስጥ ያው የብረት ቃጭል ይሰማል። ኃይሉን አጥፍቼ ያንን ቲዩብ ወደ መጀመሪያው ሞጁል ሳዛውረው ቃጭሉ ተከትሎት ሄደ። በውስጡ ያሉት ስስ ብረቶች ስለላሉ ንዝረትን እንደ ማይክሮፎን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል ማለት ነው። ሞጁሉ ጤነኛ ነበር፤ በአንድ የላላ ቲዩብ ምክንያት ነው ስሙን ያጠፋሁት።

ከዚያ ወደ ሦስተኛው ዞርኩ። ከስፒከሩ አንድ ሜትር ርቄ በስልኬ የድምፅ መለኪያ ስለካ፣ የቮልዩም ቁልፎቹ አንድ ቦታ ላይ እያሉ ሦስተኛው ሞጁል ከመጀመሪያው በ5 ዴሲቤል ይበልጥ ነበር። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙንና በጣም ሰላላውን ድምፅ ከመካከለኛው ይበልጥ ያጎድላል፤ ስለዚህ ጸጥ ያለው ሞጁል ቀጭንና ደረቅ መስሎ የተሰማኝ በራሱ ጉድለት ሳይሆን እኩል ስላላስጮህኩት ነው። ለሃያ ዓመት ጆሮዬን አምኜ ስሠራ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ ለክቼ አለማወቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌላም ችግር ነበር። ሞጁሉ በሚሰካበት መገናኛ በኩል ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚያልፍና ኃይሉ ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቻርጅ ይዘው ስለሚቆዩ፣ መለወጥ የሚቻለው አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ነው፤ መልሶ ሲበራም ቲዩቦቹ እስኪግሉ ይጠበቃል። በዚህ መሐል የቀደመው ድምፅ ከአእምሮ ይደበዝዛል፣ እጅም አመታቱን ይቀይራል። ስለዚህ ጊታሪስቱ ራሱ በባቲ አንድ ሐረግ እንዲጫወት አድርጌ የተጫወቱትን ቀድቶ ደጋግሞ በሚያሰማ ሉፐር ፔዳል ቀዳሁት፤ ለሦስቱም ሞጁሎች ያው አንድ አመታት እንዲገባላቸው። ቮልዩሙን በመለኪያው አስተካከልኩ። ረዳቴ ልጅ የትኛውን እንደሰካ ሳይነግረን እየለወጠ፣ እኛ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን አዳመጥን።

ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። እሱ ጊታሩን የሚጫወተው ክራር በሚደረደርበት ስልት ነው፤ ከዋናው ኖታ በፊት ነካ ተደርገው የሚታለፉት ትንንሽ ኖታዎች የዜማው ነፍስ ናቸው። ከባዱ ዲስቶርሽን ደካማውንና ኃይለኛውን አመታት ወደ እኩልነት ስለሚያመጣ እነዚያ ኖታዎች ተውጠው ቀሩ፤ የሚጨምራቸው ድምፆች ደግሞ ኪቦርዱና ሳክስፎኑ የያዙትን ቦታ ይሻማሉ። ሥራ ክፍሌ ውስጥ የሚሻማ ሌላ መሣሪያ ስላልነበረ ነው የሞላ ድምፅ መስሎ የሰማሁት። አዲስ ቲዩብ የገባለት ሁለተኛው ሞጁል ግን ቀስ ሲሉት ንጹሕ ሆኖ፣ ሲመቱት ሻከር እያለ እያንዳንዱን ኖታ ለይቶ አሰማ። ሦስት ጊዜ አዳምጠን ሦስቱንም ጊዜ ሁለታችንም ይህንኑ መረጥን።

ከመፈረሜ በፊት ግን ወደ ልምምድ ቤታቸው አብሬው ሄድኩ። ቤዙ፣ ከበሮውና ኪቦርዱ በሙሉ እየተጫወቱ በሩ አጠገብ ቆሜ አዳመጥኩ፤ የሻካራነቱን መጠን የሚወስነውን የጌይን ቁልፍ ከግማሽ በታች ዝቅ ሲያደርገው ጊታሩ ሳይጮህ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ቀብዱን በማግስቱ ለገዢው መለሰለት። እኔም አዲሱን ጽሑፍ ከነልኬቱ አዘጋጅቼ፣ በመጀመሪያው ላይ «ተሰርዟል» ብዬ ፈርሜበት፣ ሁለቱን አያይዤ ሰጠሁት። የላላውን ቲዩብ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ አዲስ ረዳት ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን እርሳስ አስይዤ እሱን አስመታዋለሁ።