ፊውዙ ደህና ነበር፣ ሽቦው ግን ተቃጠለ

ጅማ ውስጥ በአንድ ድርጅት ሹፌር ነኝ። መኪኖቻችን ወደ ጌራ፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ ሸቤ ይወጣሉ። ተራራው ውስጥ ሲገቡ የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል። ስለዚህ በየመኪናው የመገናኛ ሬዲዮ አለ፤ ፈቃዱን ድርጅቱ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አውጥቷል። የኔ ፒካፕ ብቻ ነበረች የቀረችው። ሬዲዮው ሲመጣ "እኔ ራሴ እገጥመዋለሁ" አልኩ። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ተሳካልኝ። ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይደነግጥ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ በጣም ቀላል የመሰለኝን ነው ያደረግኩት። ከሲጋራ ማቀጣጠያው ጀርባ መስመር ቀጥዬ ሬዲዮውን ሰጠሁት። በራ፣ ቢሮ ያሉት ሲያወሩ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። እኔ ለመናገር ቁልፉን ስጫን ግን ስክሪኑ ደብዘዝ ይላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ጠፍቶ ይነሳል። ቢሮ ያለችው ልጅ "ድምፅህ እየተቆራረጠ ነው፣ ድገምልኝ" ትለኛለች። ሬዲዮው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሬዲዮው ሲያዳምጥ አንድ አምፔር እንኳ አይሞላም፣ ሲያወራ ግን የኔው እስከ 12 አምፔር ይጠጣል። ያ ቀጭን ሽቦ ይሄን አይችልም። ሞተር ጠፍቶ ባትሪው ላይ 12.4 ቮልት እያለ፣ ቁልፉን ተጭኜ ሬዲዮው ጋ በቴስተር ስለካ 10.7 ሆነ። ሬዲዮው የተሠራው ለ13.8 ቮልት ነው፤ መመሪያው 15 በመቶ ከፍ ዝቅ ቢል ይችላል ይላል፣ ማለትም ከ11.7 በታች ሲወርድ አልሠራም ቢል እውነቱን ነው።

በሁለተኛው ዙር ቀጥታ ከባትሪው አመጣሁት። ከቤት የተረፈ ቀይ ሽቦ ነበረኝ። ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ቆርቆሮ ላይ አንድ ቀዳዳ አገኘሁና በሱ አሳለፍኩት፤ ቀዳዳው ላይ ጎሚኒ (ሽቦውን ከጠርዙ የሚጠብቅ የላስቲክ ቀለበት) አላደረግኩም። 15 አምፔር ፊውዝ ገዛሁ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን ሲቃጠል ለመቀየር እንዲመቸኝ ብዬ ከሬዲዮው ጀርባ፣ ዳሽቦርድ ሥር አስቀመጥኩት። ሬዲዮው አሪፍ ሠራ። ሦስት ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ነዳሁ።

ከአጋሮ አልፌ ወደ ጌራ ስወጣ፣ ሁለት ባልደረቦቼን ይዤ፣ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚሸት ነገር ሸተተኝ። የውጭ ሽታ ነው ስል ከእግሬ ሥር ጭስ ወጣ። መኪናውን አቁሜ ሰዎቹን አስወረድኩ። ኮፈኑን ከፍቼ በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ እስክፈታ ድረስ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ቀዩ ሽቦ ጥቁር ሆኗል፣ ላስቲኩ ቀልጦ ተንጠባጥቧል፣ ከጎኑ ያሉት የመኪናው ዋና ሽቦዎችም ሊነኩ ጥቂት ነው የቀራቸው። ኮረኮንቹ መንገድ መኪናዋን ሲያንቀጠቅጣት የቆርቆሮው ጠርዝ ሽቦውን እንደ ቢላ ሲከረክመው ከርሟል። በመጨረሻ መዳቡ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ከተያያዘው ቆርቆሮ ጋር ተነካካ። ፊውዙን ነቅዬ ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። ውስጡ ያለችው ቀጭን ድልድይ ምንም አልሆነችም። ሽቦው ነዶ ፊውዙ ደህና ነው!

ቆጪ አካባቢ ጋራዥ ያላቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ የሠሩ ሽማግሌ አሉ። የተቃጠለውን ሽቦ ይዤ ሄድኩ። አገላብጠው አዩትና ጠየቁኝ፦

"ፊውዙ የማን ዘበኛ ነው?"

"የሬዲዮው ነዋ፣ ጋሼ።"

"አይደለም ልጄ። የሽቦው ነው። ዘበኛ ደግሞ በር ላይ ነው የሚቆመው። አንተ ጓዳ አስገብተህ አስተኛኸው።"

በሩ ባትሪው ነው። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ የሚጠብቀው የለም፣ ቆርቆሮ ከነካ ባትሪው ያለውን ሁሉ ይለቅበታል። ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ መቀመጥ አለበት። የኔ ግን ከተነካካው ቦታ አልፎ ሬዲዮው ጋ ነበር፣ ያ ሁሉ አምፔር በሱ ስላላለፈ የሚቃጠልበትም ምክንያት አልነበረም።

ከዚያ ሒሳቡን በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ አሳዩኝ። መጀመሪያ ሽቦው ነው የሚመረጠው። ርዝመቱ ደርሶ መልስ ይለካል፤ የኔ 4 ሜትር መሄጃ፣ 4 ሜትር መመለሻ፣ 8 ሜትር። መዳብ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት ቁጥር 0.0175 ነው፤ እሱ ተባዝቶ በ8፣ ተባዝቶ በ12 አምፔር፣ 1.68 ይመጣል። ያን ለሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር ስታካፍለው የሚጠፋውን ቮልት ይሰጥሃል። ባለ 1 ሽቦ 1.68 ቮልት ይበላል፤ በመጀመሪያው ዙር ቴስተሩ ያሳየኝ ይሄንኑ ያህል ነው። ባለ 4 ሲሆን 0.42 ብቻ ነው። ባለ 4 ወሰድኩ።

ፊውዙ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ከሬዲዮው ትልቁ ፍጆታ በላይ፣ ሽቦው ከሚችለው በታች። ፊውዝ ጫፉ ድረስ ተጭኖ ሲውል ይሞቃል፣ ኮፈን ሥር ደግሞ ከሞተሩ ሙቀት ጋር ይብሳል፤ ስለዚህ ከ80 በመቶው በላይ ባታሠራው ጥሩ ነው። 12ን ለ0.8 ስታካፍል 15። ሰማያዊው ማለት ነው። ባለ 4 ሽቦ 15 አምፔርን ያለ ጭንቀት ይሸከማል። ፊውዝ ሲቃጠልባቸው አረንጓዴውን 30 የሚሰኩ አውቃለሁ፤ የሲጋራ ፓኬት ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለው የሚሰኩም አሉ። እባካችሁ ተዉት። ፊውዙ የተቃጠለው የሆነ ነገር አይቶ ነው፣ ያን ነገር ፈልጉ።

ሽቦ ፍለጋ እዚሁ ጅማ መርካቶ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንዱ ሱቅ በርካሽ የሰጠኝ ባለ 4 ሽቦ ሲይዙት ቅልል ይላል። በምላጭ ስፍቀው ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ ወጣ። አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተለበጠ። በዚያው ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ነው የሚያስተላልፈው፣ እርጥበት ሲያገኘውም መጋጠሚያው ይበላል፣ የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ባለ አንድ ዘንግ የቤት ሽቦም ለመኪና አይሆንም፤ ንዝረቱ አድክሞ ይሰብረዋል። በመጨረሻ በቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ንጹህ መዳብ አገኘሁ።

በኔጌቲቩ ገመድ ላይ ከሽማግሌው ጋር ተከራክረናል። ከሬዲዮው ጋር የመጣው ገመድ በፖዘቲቩም በኔጌቲቩም ላይ የፊውዝ ቤት ነበረው። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ገባኝ፤ የሬዲዮው ኔጌቲቭ ቀጥታ ባትሪው ላይ ከታሰረና የባትሪው ማሳ (ኔጌቲቩን ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚያገናኘው ገመድ) አንድ ቀን ከላላ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲነሳ የሚፈልገው ያ ሁሉ አምፔር በሬዲዮው ቀጭን ገመድ ልመለስ ይላል። እኛ የባትሪው ማሳ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ፣ ቀለሙን ፍቀን፣ በብሎን አጠበቅነው። እንዲህ ሲሆን የኔጌቲቩ ፊውዝ አያስፈልግም።

ቀዳዳው ላይ ጎሚኒ ገባ፣ ሽቦው የፕላስቲክ ቱቦ ለበሰ፣ በየስንዝሩ ታሰረ። ናስትሮ ብቻ ጠቅልዬ የማልፈውን መጋጠሚያ ሁሉ በተርሚናል ጨምቀን ሠራነው። አንቴናውን አገናኝቼ ሞተር አስነስቼ ለካሁ። ባትሪው ላይ 13.9፣ ቁልፉን ተጭኜ ስናገር ሬዲዮው ጋ 13.4። ሽቦውን በእጄ ይዤ ረጅም አወራሁ፣ ለብ እንኳ አላለም። ቢሮ ያለችው ልጅ "ዛሬ አጠገቤ ያለህ ነው የሚመስለው" አለችኝ።

አሁን ደግሞ የአይሱዙው ሹፌር ለሱም እንድገጥምለት ይጠይቀኛል። የሱ 24 ቮልት ነው። ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱን ብቻ ይዘን 12 እንውሰድ ብሎኝ ነበር፣ እንቢ አልኩት፤ አንደኛው ባትሪ እየደከመ ሌላኛው ከሚገባው በላይ ቻርጅ እየሆነ ሁለቱም ይሞታሉ። 24ን ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር እስኪገዛ እየጠበቅኩ ነው። የሽቦውን ርዝመት ግን ትናንት ለክቼለታለሁ።