ኤስዲቢ የወረፋ ቁጥር እንጂ ስም አይደለም

የሊኑክስ ሰርቨር መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ወር ይዣለሁ። መለማመጃዬ ቤት ጥግ ላይ ያስቀመጥኩት፣ ስክሪን የሌለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። በዚህ ሳምንት ላብ አስወጣኝ።

የመጠባበቂያ ቅጂ የማስቀምጥበት ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ነበረኝ። እኩል መጠን ያለው ሌላ ባዶ ዲስክ ጨምሬ ሳስነሳው ኮምፒውተሩ በኔትወርክ አልገኝ አለ። ከጎረቤት ስክሪን ተውሼ ብሰካ፣ 90 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ የቆረጠና ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀው ጥቁር ገጽ ላይ የቆመ ሰርቨር አገኘሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰርቨሩ ሲነሳ የትኛውን ዲስክ የት እንደሚያገናኝ የሚነግረው ኤፍኤስታብ ፋይል ላይ «/ዴቭ/ኤስዲቢ1» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ኤስዲቢ የተባለው ዲስክ የመጀመሪያ ክፍል ማለት ነው። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል የዲስኮቹን መለያ ፊደሎች (ኤ፣ ቢ፣ ሲ) የሚያድለው ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል ነው። አዲሱ ቀድሞ ኤስዲቢ ሆነ፤ ገና ስላልተከፋፈለ ኤስዲቢ1 የሚባል ነገር የለውም። የድሮው ወደ ኤስዲሲ ተገፋ።

ደብተሬ ላይ ደግሞ አዲሱ ኤስዲሲ ይሆናል ብዬ ከዋዜማው «ኤስዲሲን ፎርማት ማድረግ» ብዬ ጽፌያለሁ! እንደተጻፈው ፈጽሜው ቢሆን የዓመታት ፎቶዎቼ አብረው ይሄዱ ነበር። መጠናቸው እኩል ስለሆነ በመጠን አይለዩም፤ ባዶ ዲስክ ደግሞ ፎርማት ሲደረግ የሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ዩዩአይዲ፣ የለውም።

ያዳነኝ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ዲስክ የሚሰጠው ሲሪያል ቁጥር ነው። ዲስኮችን የሚዘረዝረው የኤል ኤስ ቢ ኤል ኬ ትዕዛዝ ከስምና ከመጠን ጋር ሞዴልና ሲሪያል እንዲያሳየኝ ጠየቅሁና ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር አመሳከርኩ። «/ዴቭ/ዲስክ/ባይ-አይዲ» የሚባለው ማውጫም ይህንኑ ይዟል፤ በሞዴልና በሲሪያል የተሰየመው እያንዳንዱ አቋራጭ በዚያች ሰዓት ወደየትኛው ፊደል እንደሚያመለክት ያሳያል።

ለራሴ በመኪና አስረዳሁት፦ ሲሪያሉ የሻንሲ ቁጥር ነው፤ ዩዩአይዲ ግን ሰሌዳ ነው፣ ፎርማት ባደረግን ቁጥር ይቀየራል። ስለዚህ ፎርማት ከማድረጌ በፊት ሻንሲውን አያለሁ፤ ኤፍኤስታብ ላይ ዩዩአይዲውን እጽፋለሁ። «ኖፌይል» የሚለውንም ጨመርኩ፤ ዲስኩ ቢጠፋ እንኳ ሰርቨሩ መነሳቱን አይተውም።

ቀጣዩ ልምምዴ በዩኤስቢ ሳጥን ውስጥ ያለ ዲስክ ነው። አንዳንዱ ሳጥን የዲስኩን ትቶ የራሱን ሲሪያል ስለሚያሳይ፣ ስክሪኑን ለጎረቤቴ ገና አልመለስኩም።