ዕቃው የጨመረው ከበሮ

ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና አናት ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው የሙዚቃ ማቀናበሪያ ክፍሌ ውስጥ ጮክ ያለውን ድምፅ ጨምቆ ከዝቅተኛው ጋር የሚያቀራርብ አንድ ባለ ቲዩብ ኮምፕሬሰርና፣ የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ ፑልቴክ በሚባለው ጥንታዊ ዕቃ አምሳል የተሠራ አንድ ኢኪው አለኝ። ሁለቱም ለ120 ቮልት የተሠሩ በመሆናቸው ያለ ትራንስፎርመር አይነሡም፤ ቤታቸው የቀዱትን ይዘው የሚመጡ ደንበኞቼም ሌላ ነገር አይጠይቁኝም፤ «በዕቃው በኩል ይለፍልኝ» ነው የሚሉት። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር አንድ ወጣት ድምፃዊ መኝታ ክፍሉ ውስጥ በአንድ ማይክ የቀዳውን፣ በክራር ብቻ የታጀበ ትዝታ ይዞልኝ መጣ።

ሥራው ደስ አለኝ። በኢኪው ከታች ወፍራሙን ድምፅ 100 ኸርዝን፣ ከላይ ቀጭኑን 10 ኪሎ ኸርዝን ጥቂት ከፍ አደረግሁ፤ በኮምፕሬሰሩ እስከ 5 ዲቢ (ዲሲቤል፣ የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ጨመቅሁት፤ ወደ ኮምፒውተሩ ሲመለስም ድምፅ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ በሚገታው በሊሚተር ሌላ 4 ዲቢ ገፋሁት። ልጁ በማግሥቱ ደወለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዕቃው ከበሮ ጨምሮብኛል።»

«የምን ከበሮ?»

«ከበሮና ጸናጽል። እኔ የቀዳሁት ክራር ብቻ ነው።»

ልቆጣ ዳድቶኝ ነበር። «ከሁለተኛው አዝማች በፊት ትንፋሽ የምስብበት ቦታ ላይ ያድምጡት» አለኝ። በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ሩቅ ነው፤ ግን ሥርዓቱን ጠብቆ የሚሄድ ወረብ ነው።

ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውን ይረሳል። ገመዶቼ ሬዲዮ ይይዛሉ ብዬ ደመደምሁና ለስቱዲዮዎች ዕቃ ለሚያቀርብ አንድ ወዳጄ ደወልሁ፤ እሱም ሳያይ ሳይሰማ «ገመድህ አንቴና ሆኗል» ብሎ ፈረደና ኤክስኤልአር የሚባል ጥንድ የስቱዲዮ ገመድ በ8000 ብር ሸጠልኝ። የነበሩኝ ገመዶች ባላንስድ እንደሆኑ፣ ማለትም ሁለቱ ሽቦዎች እኩል የሚይዙት ጣልቃ ገብ ድምፅ መዳረሻው ላይ እርስ በርሱ እንደሚጣፋ፣ እኔም እሱም እናውቃለን። የተበላሸ ብየዳ ሬዲዮ ቢይዝ እንኳ የሚያሰማው ኤኤምን ነው፤ ኤፍኤም በዚያ መንገድ ጥርት ብሎ አይመጣም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ከፈልሁ። አዲሱን ገመድ ሰክቼ ሥራውን ዳግም ባሳልፈው ወረቡ አለ፤ እንዲያውም የጠራ መሰለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ልጁ ያመጣውን ጥሬ ፋይል ከፍቼ ዝም ያለበትን ቦታ በ20 ዲቢ ከፍ ባደርገው ወረቡ እዚያው ቁጭ ብሏል። ፋይሉ የተቀዳበት ቀን በፈረንጅ ሜይ 1፣ ሰዓቱም ከንጋቱ በፊት ያለው 3 ነው፤ በእኛ ሲቆጠር ሚያዝያ 23፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። የጊዮርጊስ ማኅሌት! የልጁ ቤት ደግሞ ከአራዳ ጊዮርጊስ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው፤ የመኪና ድምፅ እንዳይገባበት ብሎ ከሌሊት ሁሉ ያንን ሌሊት መርጧል።

ይበልጥ ያሳቀኝ የራሴ ቅንብር ነበር። 100 ኸርዝን ከፍ ሳደርግ ለከበሮው፣ 10 ኪሎ ኸርዝን ከፍ ሳደርግ ለጸናጽሉ ቦታ እያሰናዳሁ ኖሯል፤ ኮምፕሬሰሩና ሊሚተሩ ተጋግዘውም በዘፈኑና በዝምታው መካከል የነበረውን ርቀት በ9 ዲቢ ያህል አጥብበውታል።

ልጁን ጠርቼ ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ፣ ያለ ዕቃው የሠራሁለትንና ወረቡ የማይሰማበትን ሌላ ቅጂ በእኩል የድምፅ ልክ አሰማሁት። ሁለቱን ሁለት ጊዜ እያፈራረቀ አደመጠና «ይኼኛው የባዶ ቤት ድምፅ ነው፤ ያኛው ይሁንልኝ» አለ። ከበሮውስ ብለው «ክራሩን አልነካብኝም» አለኝ።

ገመዱን ልመልስ ወደ ወዳጄ ሄድሁ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማኝና «ታዲያ በድሮው ገመድ ቢሆን ጸናጽሉን እንዲህ አጥርተህ ትሰማው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ገመዱ እስከ ዛሬ እንደተሰካ ነው።