በእኩለ ሌሊት ፀሐይ ላይ ከፊል ግርዶሽ፦ እንዴት እንዳየሁትና ምን እንደተማርኩ

ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ ሲባል ብዙ ሰው "ሙሉው ካልሆነ ምን ይታያል?" ብሎ ያልፈዋል። እኔ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2011 ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ድረስ የሄድኩት ግን ለዚሁ ለከፊሉ ስል ነው። ከፊል ግርዶሽ በዋልታ አካባቢ ሲታይ ሌላ ቦታ የሌለው መልክ አለው። ያንን መልክ ለማየት ደግሞ ከቴሌስኮፕም ከካሜራም በፊት መዘጋጀት ያለበት አድማሱ ነው።

ምክንያቱ ከጥላው አካሄድ ይጀምራል። የጨረቃ ዋና ጥላ ምድርን ሲነካ ሙሉ ወይም ቀለበታዊ ግርዶሽ ይሆናል። አንዳንዴ ግን ዋናው ጥላ ምድርን ስቶ በዋልታዋ በኩል በላይዋ ያልፍና በዙሪያው ያለው ሰፊና ስስ ጥላ ብቻ ጠርዟን ይነካታል። ስለዚህ ከፊል ሆኖ የሚቀር ግርዶሽ ሁልጊዜ ጎልቶ የሚታየው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ዋልታ ተጠግቶ ነው። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ አራቱ ተከታትለዋል። የጃንዋሪ 4ቱ ሰሜን ስዊድን ላይ ጎላ፤ የጁን 1ዱ በአርክቲክ ዙሪያ ታየ፤ የጁላይ 1ዱ አንታርክቲካ አቅራቢያ ሰው የማይኖርበት ባሕር ላይ አረፈ፤ የኖቬምበር 25ቱም ወደዚያው ወደ አንታርክቲካ ተመለሰ።

ጥላው ጠርዙን ብቻ ስለሚነካ ሌላም ነገር ይከተላል፦ ግርዶሹ ከሁሉ በሚበልጥበት ቦታ ላይ ፀሐይዋ አድማሱን ታክካ ነው የምትታየው። በጁን 1ዱ ያ ቦታ በአውሮፓዊቷ ሩሲያ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ቼሽስካያ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ነበር። እዚያ ከፀሐይ ወገብ 60 በመቶው ተሸፍኗል። ትሮምሶ ላይ የተሸፈነው 58 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር የሚለካው በፀሐይዋ ወገብ፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር ባለው ርቀት እንደሆነ ልብ በሉ፤ በቆዳ ስፋት ከተሰላ ግማሽ አይሞላም። ሁለቱን ለይቶ ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ቦታው ሲደርስ ከጠበቀው ያነሰ ሊመስለው ይችላል።

ትሮምሶን የመረጥኩት በጁን መጀመሪያ ፀሐይ ስለማትጠልቅባት ነው። በሌላ አገር አድማስ ላይ የሚያጋጥም ግርዶሽ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል፤ ወይ ተጀምሮ ፀሐይዋ ትጠልቃለች፣ ወይ ከወጣች በኋላ የሚታየው ማብቂያው ብቻ ይሆናል። በዋልታ በጋ ግን ፀሐይዋ ሌሊቱን ከአድማሱ በላይ ወደ ጎን ስለምትንሸራተት ጨረቃ ከምትነካበት እስከምትለቅበት ድረስ ሁሉም ይታያል። ግርዶሹ እዚያ የጎላው እኩለ ሌሊት ሊሞላ ሲቃረብ ሲሆን፣ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ከአድማሱ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ነበር። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ስፋት ወደ ሰማይ ብትይዙት ወደ 2 ዲግሪ ነውና ከፍታው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

እዚህ ላይ ነው አድማሱ የሚፈትነው። ትሮምሶ ደሴት ላይ የተቆረቆረች፣ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። 500 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢቆም ከባሕሩ ዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው 3 ዲግሪ ያህል ሰማይ ይጋርዳል፤ ግርዶሹን ልክ በጎላበት ሰዓት መዋጥ ይጀምራል ማለት ነው። ያው ሰው 400 ሜትር ወደ ላይ ቢወጣ ግን ተራራው የሚጋርደው ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ይህን በወረቀት ካሰላሁ በኋላ ከተማው ውስጥ ቦታ መፈለጌን ተውኩና ከከተማው ማዶ ወዳለው ስቶርስታይነን ወደሚባለው ከፍታ ወጣሁ። ከ400 ሜትር በላይ ነው፤ ኬብል ካርም አለው።

ለማንም ቢሆን አጥብቄ የምመክረው የዋዜማውን ልምምድ ነው። በዚያ ወቅት የፀሐይ መንገድ ከአንዱ ሌሊት ወደ ሌላው የሚለየው ከዲግሪ አንድ ሰባተኛ ባነሰ ነው። ስለዚህ በዋዜማው በዚያው ሰዓት በዚያው ቦታ ቆሞ ፀሐይዋ የትኛው ጫፍ ላይ እንደምትደርስ በዓይን ማየት ከማንኛውም ስሌት ይበልጣል። እኔም እንዲሁ አድርጌ የካሜራውን መቆሚያ ሦስት እግሮች የት እንደማሳርፍ ድንጋይ አስቀምጬ ምልክት አደረግሁ። ሰዓትንም በተመለከተ ፀሐይዋ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ የምትደርሰው የግድግዳው ሰዓት እኩለ ሌሊት ሲል አይደለም። ትሮምሶ ላይ በበጋው የሰዓት አቆጣጠር አርባ ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ይህን የማያውቅ ሰው የፀሐይዋን ቦታ በብዙ ይስታል።

በዕለቱ ስስ ደመና ወደ ሰሜን ተዘርግቶ ነበር፤ ፀሐይዋ አንዴ እየገባች አንዴ እየወጣች ቆየች። የመጀመሪያው ሽራፊ በቀኝ በኩል ታየና ቀስ በቀስ ወደ ላይኛው ጠርዝ ሰፋ። በጎላው ሰዓት ጨረቃ ፀሐይዋን የሸፈነችው ከአናቷ ነበር፤ ከታች የቀረው ብርሃን ሁለቱንም ጫፎቹን ወደ ሰማይ ያነሳ ታንኳ መሰለ። ይህ ከጂኦሜትሪው የመጣ ነው፦ ዋናው ጥላ ከራሳችን በላይ ስቶ ሲያልፍ ጨረቃም ከፀሐይዋ በላይ ሆና ነው የምትታየን። እንዲህ ቀጥ ብሎ ሽቅብ የተከፈተ ግርዶሽ ለማየት ጠርዙ ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው ለከፊሉ ብዬ እዚያ ድረስ የሄድኩት።

አየሩም የራሱን ያክልበታል። በ3 ዲግሪ ከፍታ ላይ የፀሐይ ብርሃን የሚያቋርጠው አየር ከአናታችን በላይ ካለው 15 እጥፍ ያህል ነው። ጠርዙ ይንቀጠቀጣል፣ ክቡ ጠፍጠፍ ይላል፣ ቀለሙ ወደ ብርቱካን ያደላል። በካሜራ ጥርት ያለ ጠርዝ የሚፈልግ ሰው አንድ ፎቶ ላይ አይተማመን፤ ብዙ አከታትሎ አንስቶ አየሩ ለቅጽበት የረጋበትን መምረጥ ይሻላል።

ስለ ዓይን በቁም ነገር ልናገር። ዝቅ ያለችና የቀላች ፀሐይ የማትጎዳ ትመስላለች፤ ደመናም ሲጋርዳት መነጽሩን የማውለቅ ፍላጎት ይመጣል። አታውልቁ። በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ፀሐይዋ ፈጽማ የምትሸፈንባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ያለ መነጽር ይታያሉ፤ በከፊል ግርዶሽ ግን እንዲህ ያለ ቅጽበት ጭራሽ የለም። ዛሬ የሚገዛ የግርዶሽ መነጽር አይኤስኦ 12312-2 የተባለውን መስፈርት ያሟላ መሆን አለበት። ለቴሌስኮፕና ለካሜራ ደግሞ ማጣሪያው ከፊት፣ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል ይታሰር። ዓይን በሚጠጋበት በኩል የሚደረግ ማጣሪያ በሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል።

መነጽር ለሌለው በቀዳዳ ማሳየት አሪፍ ዘዴ ነው፤ ዋልታ ላይ ግን አሠራሩ ይለያል። በ3 ዲግሪ ከፍታ ላይ ጥላ የነገሩን ቁመት 19 ጊዜ ያህል ስለሚረዝም ምስሉን መሬት ላይ ብትጥሉት ተለጥጦ ቅርጹ ይጠፋል። ማሳያው ከፀሐይዋ ትይዩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። እኔ ካርቶን በምስማር በስቼ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ በቆመ ነጭ ሰሌዳ ላይ ጣልኩት። የምስሉ ስፋት ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ብርሃኑም ደካማ ስለሆነ ሰሌዳውን በኮት ከልዬ ነው ያየነው። ቀዳዳው ምስሉን ስለሚገለብጠው ሰማይ ላይ ሽቅብ የነበሩት ጫፎች ሰሌዳው ላይ ቁልቁል ሆኑ። አጠገቤ የነበሩ ልጆች አንዴ መነጽሩን አንዴ ሰሌዳውን እያዩ ለምን እንደተገለበጠ ሲከራከሩ ቆዩ።

ስለ ብርድ ብዙ አልልም፦ በጁንም ቢሆን ቆሞ መጠበቅ ያቀዘቅዛል፣ ባትሪም ቶሎ ይደክማል፤ መለዋወጫውን ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት። ከዚያ ይልቅ ወደ ሰሜን ገፍተው ስቫልባርድ በሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ላይ ለማየት ያሰቡ ሰዎች፣ ከመኖሪያ ሰፈር ውጭ ሲወጡ የዋልታ ድብ ማባረሪያ መያዝ ግዴታ መሆኑን ይወቁ።

የቀን አቆጣጠሩም ይገርማል። በየቦታው የቀን አቆጣጠር ከሄድን ይህ ግርዶሽ በሳይቤሪያና በሰሜን ቻይና የጀመረው ጁን 2 ማለዳ ላይ ሲሆን፣ ዋልታውን ተሻግሮ ከካናዳ ምሥራቅ ባሕሩ ላይ ያበቃው ጁን 1 ምሽት ላይ ነው።

ግርዶሾች በ18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ በቤተሰብ ይመለሳሉ፤ የዚህኛው ቤተሰብ ሳሮስ 118 ይባላል። ቀጣዩ ጁን 12 ቀን 2029 ነው። በ8 ሰዓቱ ምክንያት ምድር ሲሶ ዙር ያህል ስለምትዞር፣ የጎላው ቦታ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ በካናዳ ባፊን ደሴት አካባቢ ይሆናል፤ ስካንዲኔቪያ ደግሞ ጠዋት ላይ ያገኘዋል። መጠኑ ያንሳል፤ ከወገቧ የሚሸፈነው ቢበዛ 46 በመቶ ነው። ባፊን ተራራማ ስለሆነች ወደ ሰሜን የተከፈተ ቦታ በካርታ ላይ ከአሁኑ መፈለግ ጀምሬአለሁ።