ወደ ኋላ ስመልስ የጠፉ አራት እንግዶች

ገና በ28 የዋለበት ዓመት ነበር፤ 2012 ዓ.ም.። ላሊበላ ያሉት ጋሼ የደወሉልኝ ታኅሣሥ 26 ከሰዓት በኋላ ነው። አሥራ ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ድረ ገጹን የሠራሁትም፣ ከደሴ ሆኜ የምጠብቀውም እኔ ነኝ። በገና ሰሞን ላሊበላ ላይ አልጋ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም።

«አንቺ ልጅ፣ ባልና ሚስት ፈረንጆች መጥተዋል። ወረቀት ይዘዋል፤ ወረቀቱ የእኛው ነው። መዝገቡ ላይ ግን የሉም።»

«ወረቀቱ ላይ ክፍሉን የያዙበት ቀን ስንት ይላል ጋሼ?»

አስልተው ነገሩኝ፤ ታኅሣሥ 15 ጠዋት። ክው ብዬ ቀረሁ።

ታኅሣሥ 15 ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ድረ ገጹ ገብቼ ሰባት ፕላጊኖች፣ ማለትም ለድረ ገጹ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጡ ቅጥያዎች፣ አፕዴት እንደሚጠብቁ አይቼ ነበር። ሰባቱንም መረጥኩና አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ቤት ውስጥ ቡና እየተወቀጠ ስለነበር ተነሣሁ። አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ ገጹ የለም፤ በቦታው ድረ ገጹ ቴክኒካዊ ችግር እንደገጠመው የምትናገር አንዲት መስመር ብቻ ተቀምጣለች።

ድረ ገጹ የተሠራበት ሶፍትዌር ወርድፕረስ ከ5.2 ቅጂው ጀምሮ፣ ማለትም እንደ ፈረንጆቹ ከ2019 ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ለድረ ገጹ አስተዳዳሪ ኢሜይል ይልካል። ጥፋቱ የየትኛው ፕላጊን እንደሆነ ይናገራል፤ ያንን ፕላጊን ለጊዜው አቁሞ መግባት የሚያስችል ሊንክም ያያይዛል። መልእክቱ በእርግጥም ተልኮ ነበር። የተላከው ግን ወደ ማረፊያው ኢሜይል ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ደግሞ አዲስ አበባ የሄደው የጋሼ የእህት ልጅ ብቻ ነበር።

ስለዚህ የመጣልኝን አደረግኩ። ድረ ገጹ የሚኖርበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሚያስቀምጠው ሙሉ ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ድረ ገጹን እንዳለ መለስኩት። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ገጹ ተነሣ፤ ጋሼም «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ፤ እኔም ምርቃቱን ሳላፍር ተቀበልኩ። ድረ ገጹ ግን የተመለሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደነበረበት ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ አሥር ሰዓት ክፍል የያዙ አራት እንግዶች፣ ባልና ሚስቱን እንደ አንድ ቆጥሬ፣ በእኔ እጅ ከመዝገቡ ተፍቀዋል።

የእህታቸውን ልጅ በስልክ አሳድደን የይለፍ ቃሉን አገኘን፤ ከኢሜይሉም የቀሩትን ሦስቱን ለቅመን አወጣን። ባልና ሚስቱን በተመለከተ ጋሼ የራሳቸውን መኝታ ክፍል ለቀቁላቸው፤ እሳቸው ማድ ቤት መደብ ላይ አደሩ። ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ በተዘመረ ማግሥት ወገባቸውን ይዘው ደወሉልኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መመለስ የነበረበት አንድ ፕላጊን ብቻ ነበር። እኔ ጨው ለበዛበት ወጥ ምድጃውን አፈረስኩ።

አሁን ገጽ ሲወድቅብኝ መጀመሪያ የማየው የስሕተት መዝገቡን ነው፤ የጥፋተኛው ፎልደር ስም ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ በሰርቨሩ ፋይል ማስተዳደሪያ በኩል ገብቼ የዚያን ፕላጊን ፎልደር ስም እቀይራለሁ፤ መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል መጨመር ይበቃል። ወርድፕረስ በሚያውቀው ስም ሲፈልገው ስለሚያጣው ሥራ ያስቆመዋል፤ የቀረው ገጽ ይነሣል። ስሙን የምቀይረው ሆን ብዬ ነው፤ አልሰርዘውም። በማስተዳደሪያው ገጽ «ሰርዝ» ብለው ቢጫኑ አንዳንድ ፕላጊን ሲወጣ ዳታውንም ጠራርጎ ይሄዳል። ፎልደሩን ከሰርቨሩ ላይ መንካት ግን ያንን የማጽጃ ኮድ አያስነሣውም።

ቀጥሎ የቀድሞውን ቅጂ ማግኘት ነው። ፕላጊኑ በወርድፕረስ የነጻ ማኅደር ውስጥ ካለ፣ በገጹ ላይ አድቫንስድ የሚለውን ከፍተው ወደ ታች ሲወርዱ የድሮ ቅጂዎች ዝርዝር አለ። ዚፑን አውርዶ መጫን ነው፤ ከ5.5 ቅጂ ወዲህ ወርድፕረስ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አሳይቶ «በዚህ ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል። በገንዘብ የተገዛ ፕላጊን ግን በዚያ ማኅደር ውስጥ የለም፤ ዚፑን አስቀድሞ ያላስቀመጠ ሰው ሻጩን ሲለማመጥ ይውላል። እኔ አሁን የእያንዳንዱን የቀድሞ ቅጂ በፍላሽ ይዤ ነው የማድረው። መብራት ጠፍቶ በስልክ ዳታ ስሠራ ሦስት ሜጋባይት እልካለሁ፤ ሁለት ጊጋባይት ባካፕ ማንቀሳቀስ ግን ለደሴ ሌሊት የሚታሰብ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ኮዱ ተመለሰ ማለት ዳታቤዙ፣ የድረ ገጹ መረጃ የሚቀመጥበት መዝገብ፣ ተመለሰ ማለት አይደለም። የገበያና የቦታ ማስያዣ ፕላጊኖች ሲዘምኑ አንዳንዴ የዳታቤዝ ሰንጠረዦቻቸውንም ይቀይራሉ፤ አሮጌው ኮድ ተመልሶ ሲመጣ የማያውቀውን ቤት ያገኛል። እንዲህ ያለውን ፕላጊን ከማዘመኔ በፊት ዳታቤዙን ለብቻው፣ የዚያኑ ደቂቃ ቀድቼ አስቀምጣለሁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የእንግዶቹን ዝርዝር አወርዳለሁ። ለጋሼማ በወረቀት አትሜ በመኪና የላክሁበት ጊዜም አለ።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ፕላጊን በትክክል ወደ ቀድሞ ቅጂው መልሼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ያው የተበላሸው ቅጂ ተመልሶ ተጭኗል፤ ለካ አውቶማቲክ አፕዴቱን አላጠፋሁትም። ማጥፋቱም ቢሆን ለቀናት እንጂ ለወራት አይደለም፤ አዲሱ ቅጂ የደኅንነት ቀዳዳ የደፈነ ከሆነ አሮጌው ላይ መቀመጥ በርን ገርበብ አድርጎ መተኛት ነው።

የቴም፣ የድረ ገጹን መልክ የሚወስነው ክፍል፣ ነገር አጭር ነው። ኮምቦልቻ ያለች የጨርቅ ነጋዴ ድረ ገጽ ከሌላ ሰው ተረከብኩ፤ ቴሙን ባዘመንኩት ቀን የአማርኛው ፊደል፣ የብር ዋጋው አቀማመጥ፣ የቲሸርቱም የነጠላውም አደራደር ድራሹ ጠፋ። የቀደመው ሠራተኛ ለውጡን ሁሉ የጻፈው በቴሙ በራሱ ፋይሎች ውስጥ ነበር፤ አፕዴት ደግሞ እነዚያን በአዲስ ይተካል። ቻይልድ ቴም የተፈጠረው ለዚሁ ነው፤ የራስን ለውጥ ለብቻ ያኖራል፣ ዋናው ቴም ሲዘምን አይነካም። የጠፋውን ከባካፕ ውስጥ ያንን አንድ ፎልደር ብቻ አውጥቼ መለስኩት፤ ከዚያ ለውጡን ወደ ቻይልድ ቴም ሳዛውር አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ለዚያ ሳምንት የከፈለኝ የለም።

እንደ ፈረንጆቹ ከ2024 ወዲህ፣ ከ6.6 ቅጂ ጀምሮ፣ ወርድፕረስ ራሱ ያዘመነው ፕላጊን ገጹን ከጣለው ራሱ የቀድሞውን ቅጂ ይመልሳል። ደስ ይላል። የሚያየው ግን ገጹን የሚጥል የፒኤችፒ (ወርድፕረስ የተጻፈበት የኮድ ቋንቋ) ስሕተትን ነው፤ ገጹ ቆሞ «ክፍል ያዝ» የሚለው ቁልፍ ብቻ ዝም ቢል አያውቅም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አፕዴት በኋላ ራሴ እንግዳ ሆኜ አንድ ክፍል እይዛለሁ፤ ከዚያ እሰርዛለሁ። አፕዴቱንም አንድ በአንድ ነው የማደርገው፤ ቡናው ከበረካ ካለፈ በኋላ።

ጋሼ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ይደውላሉ።

«ደግሞ ልታዘምኚው ነው?»

«ከጥምቀት በኋላ ጋሼ።»

«እሱማ እኔም አልጋዬን ወድጄዋለሁ።»