«ግማሹ አጭበርባሪ ነው»

ለድሃ ቤተሰቦች፣ በአብዛኛው የአካባቢ ሥራ እያሠራ፣ ገንዘብ የሚከፍለው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋ አንዷ ነበረች፤ እኔም በአንድ ቀበሌ የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «ከተመዘገበው ግማሹ አጭበርባሪ ነው» ብዬ ተናገርኩ። ብዙ ራስ ነቀነቀልኝ። አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ብቻ «በምን ቆጠርከው?» አለችኝ። አልቆጠርኩትም። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ያወራውን ደምሬ ያመጣሁት ነበር። አለቃችን ግን ነገሩን ወደደውና ማስረጃውን በሳምንት ውስጥ እንዳቀርብ አዘዘኝ።

ኮምፒውተሩ 31 አጠራጣሪ ስሞች አወጣልኝ። ደስ አለኝ። አምስቱ ፋጡማ አህመድ ነበሩ። መጋላ ሰፈር መሐል ቆሞ «ፋጡማ!» ብሎ የሚጣራ ስንት ሴት እንደሚዞርለት የማላውቅ ይመስል «ድግግሞሽ» ብዬ ጻፍኩባቸው።

ከባለሙያዋ ጋር በዚያ ፀሐይ ቤት ለቤት ዞርን። አምስቱም ፋጡማዎች አምስት ሰዎች ሆነው ተገኙ። በሥራ መቆጣጠሪያው ላይ ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ የጣት አሻራዋ የተለወጠ ሴት ነበረች፤ ጉልበቷ አብጦ ልጇ መንገድ እየጠረገላት ኖሯል። «ሥራው የቤተሰቡ ነው፤ ልጇ ቢተካት ምን ነውር አለው?» አለችኝ ባለሙያዋ። ከክፍያዋም 20 በመቶው ባንክ እየተቆጠበ ሙሉውን በእጇ አታገኝም ነበር።

ከ31ዱ ሁለት ቀሩ፤ አንዱ ከተማ የለቀቀ፣ ሌላው የሚያከራየው ቤት ያለው። ዋናውን አታላይ ያገኘነው ግን በአጋጣሚ ነው። ሰውየው አንዱ መዝገብ ላይ በ«አህመድ»፣ ሌላው ላይ በ«አሕመድ» ተመዝግቦ ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል። ለእኛ አንድ የሆነው «ሀ» እና «ሐ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው። ከ31ዱ ውስጥም አልነበረም።

መጨረሻ የሄድነው «ዲሽ አላት» ተብላ የተጠቆመች ሴት ቤት ነው። ዲሹ የአከራይዋ ነው። ስንወጣ ከግቢው ጥግ ካለች አንድ ክፍል አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ።

«አንተ! ልትሰርዘኝ ነው የመጣኸው?» ድሬ አንቱታ አያውቅም፤ እኔም መዝገቤን ገልብጬ፣ «አንቺማ ከመጀመሪያውም የለሽበትም» አልኳቸው።

«ታዲያ ሌባ ስትፈልግ ነው እኔን ያገኘኸኝ?»

ባለሙያዋ ከእጄ እስክሪብቶውን ወሰደችና ስማቸውን ጠየቀች። ፋጡማ አህመድ አሉ።